ይድነቃቸው ተሰማና የመራጭ ሚዛን

ሰውን ለሥራ መምረጥ ከከባድ ሥራዎች አንዱ ነው። ነጋዴ ሚዛን አለው፤ ዳኛ የሕግ መጽሐፍ አለው፤ ሰውን የሚመርጥ ሹም ግን ከገዛ አስተዋይነቱና ከኅሊናው በቀር የሚደገፍበት ነገር የለውም። ምርጫው ሲሠምር ምስጋናው ለተመረጠው ይሆናል፤ ምርጫው ሲከሽፍ ደግሞ ወቀሳው ለመራጩ ይተርፋል።

ይህ ነገር በስፖርት ዓለም ጎልቶ ይታያል። በአሜሪካ አገር በቅርጫት ኳስ ክለቦች ዘንድ ተጫዋች የሚቀጥር፣ ከሌላ ክለብ ጋር የሚለዋወጥና የሚያሰናብት አንድ ሹም አለ፤ ሕዝቡም የዚህን ሹም ልውውጥ እንደ ትልቅ የመንግሥት ጉዳይ ይከራከርበታል። በአገራችንም ቢሆን በአትላስ፣ በቦሌና በሌላውም ሰፈር ቡና ቤት የተቀመጡ ወጣቶች ስለ እንግሊዝ አገር ክለቦች እገሌን መሸጥ አልነበረባቸውም፣ እገሌን መግዛት ነበረባቸው እያሉ ሲሟገቱ መስማት የተለመደ ነው። እኛ ክርክሩን አንነቅፍም። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ፍርዱ የሚሰጠው በመጨረሻው የግብ ቁጥር ብቻ ሆኖ እናገኘዋለን። ያሸነፈው መራጭ ጠቢብ፣ የተሸነፈው ሞኝ ይባላል። ይህ ሚዛን ጎደሎ ነው እንላለን።

ጎደሎ መሆኑን ለማስረዳት የአቶ ይድነቃቸው ተሰማን ሕይወት ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን። እኚህ ሰው በመጀመሪያ ራሳቸው የተመረጡ ተጫዋች፣ ቀጥሎ የተጫዋቾች መራጭ፣ በመጨረሻም በመላው አፍሪካ ማን ለቡድን ሊመረጥ ይችላል የሚለውን ሕግ ከሚደነግጉት ሰዎች ዋነኛው ሆነው ኖረዋል። ዘመኑን የምንጽፈው፣ ለይተን ካልገለጽን በቀር፣ በአገራችን አቆጣጠር ነው።

ልደትና ወጣትነት

አቶ ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥማቸውና በዜማቸው ስመ ጥር የነበሩ፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ወደ ጀርመን አገር ተልከው ድምፃቸውን በሸክላ በማስቀረጽ ከኢትዮጵያውያን ቀዳሚ የሆኑ ሰው ነበሩ። ልጅዬው ግን የአባታቸውን መሰንቆ ትተው ኳሱን መረጡ።

የቅዱስ ጊዮርጊስ እግር ኳስ ክለብ በአዲስ አበባ የተመሠረተው በ1928 ዓ.ም.፣ ጠላት አገራችንን በወረረበት ዓመት ነው። ይድነቃቸውም ገና በልጅነታቸው ወደዚሁ ክለብ ገቡ። ወዲያው የመከራው ዘመን መጣ። ወራሪው መንግሥት በሜዳም ሳይቀር ነጩን ከጥቁሩ ለየ፤ ኢትዮጵያውያን ለብቻቸው፣ ጣልያኖች ለብቻቸው እንዲጫወቱ አደረገ። ለኢትዮጵያውያኑ ቡድኖችም አዲስ ስም አወጣላቸው፤ ጊዮርጊስ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» ተባለ። እንግዲህ ይድነቃቸው ከአሥራ አራት እስከ ሃያ ዓመት ባለው ዕድሜያቸው፣ ተጫዋች በችሎታው ሳይሆን በቆዳው ቀለም ሲለይ ምን ማለት እንደ ሆነ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሜዳ ተማሩ። በኋለኛው ዘመን በዚህ ነገር ላይ ያሳዩት የማይበገር ጽናት ሥሩ ከዚህ የመጣ ይመስለናል።

ከነጻነት በኋላ ነገሩ ተለወጠ። የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ተቋቋመ፤ ይድነቃቸውም ለመቋቋሙ ከደከሙት አንዱ ሆኑ። በ1936 ዓ.ም. በተደረገው የመጀመሪያው የክለቦች ሻምፒዮና አምስት ቡድኖች ተሰለፉ። እነርሱም የኢትዮጵያውያኑ ጊዮርጊስ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሊምፒያኮስ፣ የጣልያኖቹ ፎርቲቱዶና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነበሩ። ዋንጫውን የወሰደው የእንግሊዞቹ ቡድን ነው። ነገር ግን ከዋንጫው የሚበልጥ ቁም ነገር ነበረ፤ ትናንት ለብቻ ተጫወቱ የተባሉት ኢትዮጵያውያን ዛሬ በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ሕግ፣ ከሁሉ ጋር እኩል ሆነው ተሰለፉ።

ይድነቃቸው ለጊዮርጊስ ሃያ ሦስት ዓመት ያህል ተጫውተዋል። በ365 ጨዋታዎች 318 ግቦች እንዳገቡ ይነገርላቸዋል፤ ለብሔራዊ ቡድንም አሥራ አምስት ጊዜ ተሰልፈዋል። ከዚህ በላይ ስለ አጨዋወታቸው መናገር አያሻም፤ ቁጥሩ ራሱ ይናገራልና።

በካርቱም የቀረበ ጥያቄ

በ1949 ዓ.ም. በየካቲት ወር የግብፅ፣ የሱዳን፣ የደቡብ አፍሪካና የኢትዮጵያ መልእክተኞች በካርቱም ከተማ ተሰብስበው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መሠረቱ። ከኢትዮጵያ በኩል ከተገኙት አንዱ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። በዚያው ጊዜ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ሊደረግ ዕጣ ወጣ፤ ኢትዮጵያ ከደቡብ አፍሪካ ጋር እንድትጫወት ተመደበች።

ይህን ጊዜ ከባድ ጥያቄ ተነሣ። የደቡብ አፍሪካ ፌዴሬሽን ወይ በሙሉ ነጭ የሆነ ቡድን፣ ወይ በሙሉ ጥቁር የሆነ ቡድን እልካለሁ እንጂ የተቀላቀለ ቡድን አልልክም አለ። ምክንያቱም የመንግሥቱ የአፓርታይድ ሥርዓት ይህን አይፈቅድም ነበር። አንባቢ እዚህ ላይ ልብ እንዲል እንፈልጋለን። ደቡብ አፍሪካውያን ጥቁሮችን ፈጽሞ አናሰልፍም አላሉም፤ እንዲያውም ሁሉም ጥቁር የሆነ ቡድን ለመላክ ዝግጁ ነበሩ። ላይ ላዩን ለሚመለከት ሰው ይህ ዕርቅ የሚመስል ሐሳብ ነው። ነገር ግን ቡድኑ ነጭም ሆነ ጥቁር፣ መራጩ አስቀድሞ የሚያየው የተጫዋቹን ቆዳ ነው፤ ችሎታው የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። መልእክተኞቹም ይህን ተረድተው ሐሳቡን አልተቀበሉም፤ ደቡብ አፍሪካም ከውድድሩ ወጣች።

በዚህ ውሳኔ ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች። እንግዲህ ተጠራጣሪ ሰው ይህ ለጥቅም የተደረገ ነው ሊል ይችላል። ለዚህ ሁለት መልስ አለን። አንደኛ፣ ጥቅሙ አጭር ነበር፤ በፍጻሜው ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈችን፤ አራቱንም ግብ ያገባው አድ ዲባ የተባለው ተጫዋች ነው። ሁለተኛ፣ አቶ ይድነቃቸው በዚህ አቋም ምንም ትርፍ በማይገኝበት ጊዜም ለሠላሳ ዓመት ጸንተዋል። የዓለም እግር ኳስ ማኅበር ፊፋ በ1954 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካን አግዶ በ1955 ዓ.ም. እገዳውን ባነሣ ጊዜ፣ የደቡብ አፍሪካ ሹማምንት ለአንዱ የዓለም ዋንጫ ነጭ ቡድን፣ ለተከታዩ ጥቁር ቡድን እንልካለን የሚል ሐሳብ ይዘው መጡ። የካርቱሙ ሐሳብ ልብሱን ለውጦ የመጣ ነበር። አፍሪካውያኑ መልእክተኞች እንደገና ተቃወሙ፤ እገዳው በ1957 ዓ.ም. ተመለሰ፤ በ1968 ዓ.ም. ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ከፊፋ ጨርሳ ተባረረች። በዚህ ረጅም ክርክር ውስጥ ድምፃቸው ጎልቶ ከተሰማው ሰዎች አንዱ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ።

የ1954 ዓ.ም. ዋንጫ

አሁን ወደ ራሳቸው ምርጫ እንመለስ። ሌላውን በመራጭነቱ የሚወቅስ ሰው ራሱ መራጭ ሲሆን ምን አደረገ? ተብሎ መጠየቅ አለበትና።

ኢትዮጵያ በ1951 ዓ.ም. በካይሮ በተደረገው ሁለተኛው ውድድር በግብፅ 4 ለ 0፣ በሱዳን 1 ለ 0 ተሸንፋ ተመልሳ ነበር። ሦስተኛው ውድድር በአዲስ አበባ በጥር ወር 1954 ዓ.ም. ሲደረግ ቡድኑን የመሩት አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ሃያ ሦስት ዓመት የጊዮርጊስን ማልያ የለበሰ ሰው፣ ዋና ከተማው ላይ ተቀምጦ፣ ቡድኑን በጊዮርጊስና በአዲስ አበባ ልጆች ቢሞላው ማን ይከለክለው ነበር? እንዲህ አልሆነም። ከተሰለፉት ብዙዎቹ የአሥመራ ልጆች ነበሩ፤ ከጊዮርጊስ መንግሥቱ ወርቁን የመሰለ አጥቂም ነበረ። አምበል የሆነው ሉቺያኖ ቫሳሎ ከኤርትራዊት እናትና ከጣልያናዊ አባት የተወለደ ሰው ነው፤ ታናሽ ወንድሙ ኢታሎም አብሮት ተሰልፏል። የጣልያን ወረራ ካበቃ ገና ሃያ አንድ ዓመቱ ነበር። በወረራው ልጁን ወይም ወንድሙን ያጣ ሰው በስታዲየሙ ሞልቶ በነበረበት ዘመን የኢትዮጵያን ቡድን የጣልያን ስም ያለው ሰው እንዲመራ ማድረግ ቀላል ነገር አልነበረም። ግን ሉቺያኖ የቡድኑ ምሰሶ ነበረና አምበልነቱ ተገባው።

ጥር 6 ቀን ከቱኒዝያ ጋር በተደረገው ጨዋታ ኢትዮጵያ 2 ለ 0 ስትመራ ቆይታ 4 ለ 2 አሸነፈች። በሳምንቱ እሑድ ጥር 13 ቀን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ከግብፅ ጋር ለፍጻሜ ተገናኘች። ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች፤ ኢትዮጵያም ሁለት ጊዜ አቻ ሆነች። ጨዋታው ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ያህል ሲቀረው ሁለተኛዋን የአቻነት ግብ ያገባው ያው አምበሉ ሉቺያኖ ነው። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገቡ፤ ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸነፈች። ዋንጫውን ሉቺያኖ ከግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። ሁለት ጊዜ 4 ለ 0 ያሸነፈችን ግብፅ በሦስተኛው ተሸነፈች።

ይሁን እንጂ እኛ ይህን ድል ከልኩ በላይ አናገንነውም። በውድድሩ የነበሩት አራት አገሮች ብቻ ናቸው፤ ዋንጫው የተገኘው በሁለት ጨዋታ ነው፤ ጨዋታውም በገዛ ሜዳችን፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ ቀጭን አየር ባልለመዱ እንግዶች ላይ የተደረገ ነው። በ1956 ዓ.ም. በጋና፣ በ1960 ዓ.ም. ደግሞ በአገራችን በተደረገው ውድድር ኢትዮጵያ አራተኛ ነው የወጣችው፤ ከዚያ ወዲህም ዋንጫውን ዳግመኛ አላገኘችውም። በግብ ቁጥር ብቻ የሚፈርድ ሰው እንግዲህ በጥር 1954 ዓ.ም. ይድነቃቸውን ጠቢብ ቢል፣ በኋላ ደግሞ ሐሳቡን ሊለውጥ ነው። የሰውዬው ምርጫ ትክክል የነበረው ግን ኳሱ ሳይመታ፣ ዝርዝሩ በተጻፈ ጊዜ ነው። በዚያ ጊዜ በአገሩ ውስጥ ከነበሩት ተጫዋቾች የተሻሉትን፣ ሰፈራቸውንና የአባታቸውን ስም ሳይቆጥር ጠራቸው። ኢታሎ ያን ግብ ስቶት ቢሆንስ ኖሮ? ዋንጫው ለግብፅ ይሆን ነበር፤ ምርጫው ግን አይበላሽም ነበር።

ሁለት ተጫዋች ብቻ

አቶ ይድነቃቸው በ1964 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም በዚሁ ሥልጣን ቆዩ። በአገራቸው መንግሥት ሲለወጥ፣ ሥርዓት ሲገለበጥ፣ እርሳቸው በአህጉሩ ሹመት ጸንተው መኖራቸው የሚያስደንቅ ነው። የዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ አባልም ነበሩ። የዚህን ዘመን ሥራ ሁሉ መዘርዘር አንችልም፤ ስለ ምርጫ በምንጽፈው በዚህ ጽሑፍ ግን አንድ ሕግ ሳናነሣ ማለፍ አይገባንም።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1965 ኮንፌዴሬሽኑ አንድ ውሳኔ አሳለፈ። በአፍሪካ ዋንጫ የሚሰለፍ ቡድን ከአህጉሩ ውጭ ከሚጫወቱት ልጆቹ ከሁለት በላይ ማሰለፍ አይችልም ተባለ። ከሕጉ ዋነኛ ደጋፊዎች አንዱ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ሐሳባቸው ይህ ነበር፦ የአውሮፓ ክለቦች፣ በተለይም የፈረንሳይ ክለቦች፣ የአፍሪካን ምርጥ ተጫዋቾች እንደ ቡናና እንደ ካካዎ እየለቀሙ ይወስዳሉ፤ አፍሪካ ያሳደገቻቸው ልጆች ለሌላው ያፈራሉ፤ የአገር ቤቱ ክለብና ውድድር ይደኸያል። ብሔራዊ ቡድን ከውጭ በሚመጡ ልጆች ከተሞላ ደግሞ አገር ቤት የሚጫወተው ወጣት ተስፋ ይቆርጣል፤ ፌዴሬሽኑም የራሱን ሜዳ ማልማት ይተዋል። አቶ ይድነቃቸው የተማረ ሰው ወደ ውጭ መፍለስ ለአገር ጉዳት እንደ ሆነ፣ የተጫዋች መፍለስም እንዲሁ ነው ብለው ያምኑ ነበር።

ሐሳቡ ክቡር ነው፤ ሕጉ ግን የሚጎዳው ሰው ነበረው። ሦስት ጎበዝ ልጆች በፈረንሳይ አገር ቢጫወቱ ሦስተኛው፣ ምንም በደል ሳይሠራ፣ አገሩ ስትጫወት ከሩቅ ሆኖ ወሬ እንዲሰማ ይፈረድበታል። የተጫዋች ዕድሜ አጭር ነው፤ አሥር ዓመት ቢጫወት ነው። በዚያ ዘመን የብዙዎቹ የአፍሪካ ክለቦች ደመወዝ ቤተሰብ የሚያኖር አልነበረም። ለእናቱ ቤት ሊሠራ የተሰደደን ወጣት እንደ ጥፋተኛ መቁጠር ይከብዳል። ከሁሉ ይልቅ የሚከነክነን ግን ይህ ነው፦ በካርቱም ተጫዋችን ከችሎታው ውጭ በሆነ ነገር አትለዩ ያሉት ሰው፣ እዚህ ላይ ተጫዋችን በሚኖርበት አገር መለየታቸው። ሁለቱ ነገሮች አንድ አይደሉም፤ ቀለም ከልደት ነው፣ መሰደድ ግን በፈቃድ ነውና። ነገር ግን ፈጽሞም አይራራቁም።

ከሜዳ የተገኘው ምስክርነትም ለሁለት የተከፈለ ነው። በ1966 ዓ.ም. የአፍሪካ ሻምፒዮን የነበረችው ዛየር በአገር ቤት ተጫዋቾቿ ብቻ ተማምና ወደ ዓለም ዋንጫ ብትሄድ፣ በሦስት ጨዋታ 14 ግብ ገብቶባት አንድም ሳታገባ ተመለሰች። በ1974 ዓ.ም. ግን አልጄሪያ በዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 ስታሸንፍ፣ ሁለቱን ግቦች ያገቡት ማጀርና በሉሚ በገዛ አገራቸው ክለቦች የሚጫወቱ ነበሩ። ነገር ግን በዚያው ቡድን ውስጥ በፈረንሳይ አገር የሚጫወቱም ነበሩበት። የሁለት ተጫዋቹ ሕግም በዚያው በ1974 ዓ.ም. ተሻረ።

በዛሬው የአፍሪካ ዋንጫ ከሚሰለፉት ብዙዎቹ በአውሮፓ የሚጫወቱ ናቸው፤ ጨዋታውም ከፍ ያለ ሆኗል። ነገር ግን በአህጉሩ ብዙ ከተሞች የክለብ ጨዋታ ሜዳው ባዶ ነው፤ ወጣቱም በቴሌቪዥን የባሕር ማዶውን ይመለከታል። አቶ ይድነቃቸው የፈሩት ነገር ደርሷል፤ የፈለጉት መድኃኒት ግን አልፈወሰውም። ኮንፌዴሬሽኑ በ2001 ዓ.ም. በአገራቸው ሊግ ለሚጫወቱ ብቻ የተለየ የአፍሪካ ሻምፒዮና መጀመሩ የእርሳቸው ሐሳብ ጨርሶ እንዳልሞተ ያሳያል። ይህኛው መንገድ ይሻላል እንላለን፤ አንዱን ሳይከለክል ለሌላው ሜዳ ይሰጣልና።

ፍርዳችን

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. ዐረፉ። ሥራቸውን በአንድ ቃል ጥሩ ወይም መጥፎ ብሎ መዝጋት አይገባም። በቀለም ጉዳይ ፈጽመው ትክክል ነበሩ። በ1954ቱ ምርጫ አድልዎ የሌለበት ሚዛን ያዙ። በስደተኞቹ ተጫዋቾች ጉዳይ በሽታውን በትክክል አወቁ፣ መድኃኒቱ ግን በሽተኛውንም ጎዳ። ሌላም ወቀሳ አለን፤ አህጉሩን ባቆሙበት ዘመን የገዛ አገራቸው እግር ኳስ ወደ ኋላ ቀርቷል። ኢትዮጵያ በ1974 ዓ.ም. ለአፍሪካ ዋንጫ ከተሰለፈች በኋላ ተመልሳ የገባችው ሠላሳ አንድ ዓመት ቆይታ በ2005 ዓ.ም. ነው። ጥፋቱ የእርሳቸው ብቻ ነው አንልም፤ በአገሪቱ ላይ የደረሰው ብዙ ነውና። ቢሆንም መራጭ ከእርሱ በኋላ የሚመርጡ ሰዎችን ማሳደጉም ከሥራው ይቆጠራል።

እንግዲህ ለተማሪዎችና ለወጣት ሹማምንት የምንለው ይህ ነው። ነገ ጸሐፊ ትቀጥራላችሁ፤ ተማሪ ለስኮላርሺፕ ታጫላችሁ፤ የክፍል ኃላፊ ትሾማላችሁ። የሌላውን መራጭ ስትመዝኑም ሆነ ራሳችሁ ስትመርጡ ሦስት ነገር ጠይቁ። መራጩ በዚያ ሰዓት ምን ያውቅ ነበር? ያልተመረጠው ሰው የቀረው በምን ምክንያት ነው? ምርጫው ከዕለቱ ውጤት አልፎ ምን ተከለ? በተለይ ሁለተኛውን አትርሱ። የተመረጠው ሰው በአደባባይ ይታያል፤ የተተወው ግን ቤቱ ተቀምጧልና ማንም አያየውም። የመራጭ ኅሊና የሚፈተነው በዚያ በማይታየው ሰው ነው።

በ1988 ዓ.ም. ጥር ወር፣ አቶ ይድነቃቸው ካረፉ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ ደቡብ አፍሪካ የአፍሪካ ዋንጫን አዘጋጀች። ከአፓርታይድ ውድቀት ጋር በ1984 ዓ.ም. ወደ ዓለም እግር ኳስ ተመልሳ ነበር። በፍጻሜው ቱኒዝያን 2 ለ 0 አሸነፈች። አምበሉ ኒል ቶቪ ነጭ ነው፤ ከጓደኞቹ ብዙዎቹ ጥቁሮች ናቸው፤ ኔልሰን ማንዴላም የቡድኑን ማልያ ለብሰው በሜዳው ተገኙ። በ1949 ዓ.ም. በካርቱም አይቻልም የተባለው ቡድን ይኸው ነበር።